ክንፍ ያላት ማርያም

ቦርሳውን የገዛሁ ዕለት እናቴ ሳሎን መሃል አቁማው ዙሪያውን ዞረችው። ቁመቱ እስከ ወገቧ ይደርሳል፤ ማሰሪያውም ኪሱም ብዙ ነው።

«ይህን በጀርባሽ ተሸክመሽ ነው ሰው አገር የምትሄጂው?» አለች።

«አዎ።»

«ለመዝናናት?»

«አዎ፣ ለመዝናናት።»

«እኛ እንዲህ ተሸክመን የምንሄደው ስንሰደድ ነው» አለችና የተናገረችው ቃል አፏን ያቃጠላት ይመስል ወደ ኩሽና ገባች። እኔ ያኮረፈችኝ መስሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ቶሮንቶ ውስጥ፣ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ እኔና እሷ ብቻ ነበር የምንኖረው። አባቴ ልጆች ሳለን ነው የሞተው። እናቴ ቀድማን ቶሮንቶ መጥታ፣ በሆቴል ክፍል አጽጂነት ጉልበቷን ጨርሳ፣ ስፖንሰር አደረገችን። «አደረገችን» ማለቴ ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ወረቀቱ ተጓትቶ ተጓትቶ ሲያልቅ የወንድሜ ዕድሜ አልፏል ተባለ። በወላጅ ስም የሚመጣ ልጅ ሆኖ ለመቆጠር አርጅቷል ማለት ነው። እናቴ ያን ደብዳቤ ለሦስት ሰው አስነብባዋለች፤ አንዱ እንኳ ሌላ ነገር ቢያነብላት ብላ።

ወንድሜ ጥቂት ዓመት ጠበቀ፤ ከዚያ መጠበቁ ሰለቸው። በዚያን ሰሞን ኢኳዶር ያለ ቪዛ ታስገባለች የሚል ወሬ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ኪቶ የምትባለው ከተማ ገባ። ከዚያ ወዲያ በመኪና፣ በእግር፣ በጀልባ እያሉ ወደ ሰሜን መውጣት ነው። ኪቶ ስምንት ወር ቆየ፤ እሁድ እሁድ ይደውል ነበር። ቀልዱ አያልቅበትም።

«ከመስኮቴ ማርያምን አያታለሁ» አላት አንድ እሁድ እናቴን። «ኮረብታ ላይ ያቆሟት ትልቅ ሐውልት ናት። ክንፍ አላት።»

«ማርያም ክንፍ የላትም» አለች እናቴ።

«የነሱ አላት። እኛ ግን በደቡብ በኩል ስለሆንን የምናየው ጀርባዋን ነው። ፊቷን ለሀብታሞቹ ሰጥታለች ይላሉ የሰፈሩ ሰዎች።»

እናቴ አማተበች። «ፊቷን ወዳንተ ታዙርልህ» አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ። ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበር እኔም ሰምቼ ስቄአለሁ።

በሌላ እሁድ መንገድ ልጀምር ነው አለ። ከዚያ በኋላ አልደወለም።

እናቴ መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ አጣች። ስልኳን ሻወር ቤት ሳይቀር ይዛ ትገባ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን በአንድ ቀን ዝም አለች። ጥቁር መልበስ ጀመረች። ምነው ስላት፣ «ስለት ነው፤ እስኪገኝ ድረስ ላላወልቅ ተስያለሁ» አለችኝ። አመንኳት። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ የማወራው እኔ ብቻ ሆንኩ። «ሲመጣ የኔን ክፍል እለቅለታለሁ፤ እኔ ሳሎን እተኛለሁ» እላለሁ። «እሺ» ትላለች። «ሲመጣ በረዶ ላይ ወድቆ ሳይ እንዴት እንደምስቅበት!» እላለሁ። «እሺ» ትላለች። አንዳንዴ ደግሞ ሥራዋን አቁማ፣ «እስቲ ድገሚልኝ፣ ሲመጣ ምን አልሽ?» ትለኝ ነበር። እደግምላታለሁ።

ጥቂት ሳምንት ቆይታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማርያም ዝክር አለብኝ አለች። እኔ ማታ ማታ ለኮሌጅ ፈተና እያጠናሁ፣ ቀን ኢቶቢኮ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለ መጋዘን ውስጥ ነበር የምሠራው፤ የዚያን ቅዳሜ ሺፍቴን ለሰው መስጠት ነበረብኝና ተነጫነጭኩ። «ለዝክር ይህ ሁሉ ዳቦ ምን ያደርጋል?» አልኳት። እኔም ጸባዬ እንዲህ ነው፤ ከተነጫነጭኩ በኋላ የምሠራውን አሳምሬ እሠራለሁ። ቢጫ ቀሚሴን ለብሼ፣ ከንፈሬን ቀብቼ፣ ዳቦውን በትሪ እያዞርኩ ሰዉን ሁሉ አስተናገድኩ። አንድ ሽማግሌ ከእጄ ተቀብለው «ነፍስ…» ብለው ጀመሩና ቀና ብለው ሲያዩኝ ሳል ያዛቸው። «ነፍስሽን ይባርክልሽ፣ ልጄ» አሉ። ትን ብሏቸው ነው ብዬ ሮጬ ውሃ አመጣሁላቸው። አንዲት ሴት ቀሚሴን አይታ ፊቷን አዞረች። ከእኛ ሦስት ፎቅ በላይ የሚኖሩት የእናቴ ወዳጅ እትዬ ደግሞ እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ። መስተንግዶዬን ወደውልኝ መስሎኝ ኮራሁ።

ከዓመት በላይ እንዲህ አለፈ።

መጋዘኑ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹ የደቡብ አሜሪካ ሰዎች ነበሩ። ስፓኒሽ ከነሱ ነው የለቃቀምኩት፤ ሳጥን፣ ከባድ፣ ቶሎ በሉ፣ የምሳ ሰዓት፣ ይህን የመሳሰለውን። አንዷ ወዳጄ ለዕረፍት አገሯ ፔሩ ስትሄድ፣ «ነይ፣ ተራራ ላይ ያለውን የጥንት የድንጋይ ከተማ አሳይሻለሁ» አለችኝ። እሷ ቀድማ ሄደች። እኔ ቲኬት ስቆርጥ በኪቶ በኩል የሚያልፍ፣ እዚያ ሁለት ቀን የሚያቆይ መረጥኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ ወንድሜን የሚያውቅ ሰው አገኛለሁ፤ ወሬውን ይዤ እመለሳለሁ፤ እናቴ ጥቁሩን ታወልቃለች። እስከዚያው ምንም አልነግራትም።

«የምትሄጂበት አገር እሱ ለነበረበት ቅርብ ነው?» አለችኝ ቦርሳዬን ሳዘጋጅ።

«በጣም ሩቅ ነው» አልኳት።

ፊቷ ተፈታ። ናፍቆቱ እንዳይነሣባት ፈርታ ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ያን ጊዜ ኪቶ ላይ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከተማው መሃል ነበር። በመስኮት ስመለከት ሰው ጣሪያው ላይ ያሰጣውን ልብስ ቀለሙን ለይቼ አየሁ። ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራል ብለው አስፈራርተውኝ ነበር፤ እኔን ግን ምንም አላለኝም። ተራራው ወገብ ላይ ባሕር ዛፍ ሳይ ለምን ወንድሜ ይህን አልነገረንም ብዬ ትንሽ ተናደድኩበት።

ያረፍኩበት ማደሪያ ቦርሳ በጀርባቸው ባዘሉ የፈረንጅ ወጣቶች የተሞላ ነበር። የኔን ከነሱ ጋር ግድግዳው ሥር ደረደርኩት። ካርታ ዘርግተው ስለ እሳተ ገሞራ፣ ስለ ገበያ፣ ርካሽ ምሳ ስለሚገኝበት ቤት ያወራሉ። አንዷ ልጅ «አንቺስ ምን ልታዪ መጣሽ?» አለችኝ። «ክንፍ ያላትን ማርያም» አልኳት። «እንግዲያው ታክሲ ያዢና ኮረብታው ላይ ውጪ፤ ከፊት ለፊቷ ሆነሽ ከተማው ሁሉ ይታይሻል» ብላ ካርታዋ ላይ ክብ አደረገችልኝ። ጥሩ ልጅ ነበረች። እኔ ግን ወደ ደቡብ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝኩ። መጀመሪያ ፊቷ ከሩቅ ታየኝ፣ ቀጥሎ ጎኗ፤ አውቶቡሱ ኮረብታውን ዞሮ ሲያልፍ ደግሞ ሁለቱ ክንፎቿ ከጀርባዋ ተዘርግተው አየሁ። እዚያ ወረድኩ።

በእጄ ያለው አድራሻ ይኸው ነበር፦ ጀርባዋ የሚታይበት። ለካ ጀርባዋ የሚታየው ለግማሽ ከተማ ነው። ሞኝነቴን የተረዳሁት እዚያ ፌርማታ ላይ ቆሜ ነው። አገር ቤት ቢሆን «የእገሌ ቤት» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ እዚህ ማንን ብዬ ልጠይቅ? የወንድሜን ፎቶ ይዤ ስልክ የሚያስደውሉ ትንንሽ ሱቆች ውስጥ እየገባሁ ማሳየት ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። ዳገት ወጣሁ፣ ወረድኩ፤ ውሻ አባረረኝ፤ አንዲት የበቆሎ ጥብስ የምትሸጥ አሮጊት አዝናልኝ አንዱን እንዲያው ሰጠችኝ። ደክሞኝ ስቆም ካሜራዬን አውጥቼ ያን ጀርባ አነሣሁት፤ ወንድሜን ሳገኘው «ይኸው አንተ ያልካት» ልለው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንዱ ባለ ሱቅ ፎቶውን ትቶ የኔን ፊት አየና በእጁ ወደ ላይ አመለከተኝ። ያንቺን የሚመስሉ ሰዎች ከደረጃው በላይ፣ አረንጓዴ በር ካለው ቤት ውስጥ አሉ ማለቱ ነበር። ደረጃውን ሮጬ ወጣሁት። ግቢው ውስጥ አርባ ዓመት የሚሆናት ሐበሻ ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። መንገዱን ልትሄድ መጥታ ጉልበቷን ታማ የቀረች፣ ለተከራዮቹ ምግብ የምታበስል ናት፤ ይህን ኋላ ነው የነገረችኝ። ስታየኝ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«በሞትኩት! ቁርጥ እሱን!» አለች። «እህቱ ነሽ አይደል? ዕቃውን ልትወስጂ መጣሽ? እናትሽ ላኩሽ?»

«የምን ዕቃ?» አልኳት።

«አይ፣ ቦርሳውን ነዋ። እንዳስቀምጥላቸው በስልክ ብለውኝ ነበር። ያን ቀን ሲያለቅሱ…» ድንገት አቆመች። ድንች የያዘው እጇ ጭኗ ላይ ወደቀ። «እናትሽ አልነገሩሽም?»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። የወንድሜ መሞት ብቻ አይደለም። ቢጫው ቀሚስ፣ ትሪው፣ የሽማግሌው ሳል፣ «እስቲ ድገሚልኝ» የምትለው እናቴ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የመጣብኝ። በወንድሜ ተዝካር ላይ ከንፈሬን ቀብቼ ዳቦ ያደልኩት እኔ ነኝ።

ሴትየዋ ተነሥታ እንዳልወድቅ ያዘችኝ። እሷም ታለቅስ ነበር፣ ግን የበለጠ የምታለቅሰው በሠራችው ጥፋት ነው። «ብቻሽን፣ በሰው አገር፣ ያለ ወገን፣ ቆመሽ ላርዳሽ? ምላሴን በቆረጠው!» እያለች ደረቷን መታች። እኔው አባበልኳት። ቤቱ የሌሎች ስደተኞች ማደሪያ ስለሆነና ለመንገድ የሚዘጋጁ ሰዎች ውስጥ ስለነበሩ ድምፄን አላወጣሁም። ሊሄዱ የተነሡ ሰዎች ፊት እንዴት ይለቀሳል?

ኋላ በዝግታ ነገረችኝ። ጀልባው ወደ ፓናማ ሲሻገር ተገልብጧል። አብሮት የነበረ ልጅ ተርፎ ለእናቴም ለሷም ደውሏል። አስከሬን አልተገኘም። «እናትሽ ቀን እየፈለጉልሽ ይሆናል» አለችኝ። «አንቺን ለማርዳት ማለቴ ነው። ፈተና አለባት ሲሉኝ ነበር። እባክሽ እንዳወቅሽ አትንገሪያቸው። እሳቸው በወጉ፣ ሰው ሰብስበው ይንገሩሽ።» ከዚያ ትንሽ ጥቁር ቦርሳ አመጣችልኝ። ቀለል ብላችሁ ሂዱ ስለተባሉ ትቶት የሄደው ነው። ዚፑ በሽቦ ታስሯል። ውስጡ እናቴ ከቶሮንቶ የላከችለት ግራጫ ሹራብና የቤታችን አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት አለ። ያን ትንሽ ቦርሳ ትልቁ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ቦታ አላጣም።

ፔሩ ሄድኩ፤ ጓደኛዬ አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ወጥታ እየጠበቀችኝ ነበርና። የድንጋይ ከተማው ፊት ቆሜ የሳቅሁበት ፎቶ አለ። ሰው እንዴት እንዲያ ይስቃል ብዬ ዛሬም ይገርመኛል።

በመመለሻው በረራ ላይ ቁርጥ ሐሳብ አደረግሁ። እናቴ ከዓመት በላይ ይህን ሐዘን ብቻዋን የተሸከመችው እኔ እንዳልሰበር ነው። ወጉን አልቀማትም። ሰው ሰብስባ የምታረዳኝን ቀን እጠብቃለሁ፤ ያን ቀን እንዳዲስ አለቅሳለሁ፤ ተቃቅፈን እርማችንን እናወጣለን። የወንድሜን ቦርሳ ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ከክረምት ብርድ ልብስ ሥር ደበቅሁት።

ካሜራው ውስጥ ያለው የኪቶው ፎቶ ግን ከነመኖሩ ተረስቶኝ ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን የፔሩን ፎቶ ሳሳያት ቁልፉን እሷ ትጫን ጀመር። ወደፊት መሄድ ሲገባት ወደ ኋላ ሄደች። ያ ጀርባ፣ ያ ክንፍ የካሜራውን መስኮት ሞላው። እናቴ ካሜራውን ይዛ ደርቃ ቀረች።

«እዚያ ሄደሽ ነበር?» አለች።

«ትንሽ አረፍኩ። አውሮፕላን ልቀይር።»

«ቤቱን አገኘሽው?»

«አዎ።»

«ምን አሉሽ?»

ካሜራውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። የፈራችው ሳላውቅ እንዳልቀረሁ፣ በወጉ ሳልረዳ ጉዱን ሰምቼ እንደመጣሁ ነው ብዬ አሰብኩ። ላሳርፋት ፈለግሁ። «ደህና ነው አሉኝ፣ እማዬ» አልኳት። «መንገድ ላይ ብዙ ቆይቶ ነው እንጂ ተሻግሯል። ያየው ሰው አለ።»

ካሜራውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኖቼን ተራ በተራ አየች። «ማሪኝ» አለች፤ ለማርያም ይሁን ለኔ አላወቅሁም። ከዚያ ተነሥታ መኝታ ቤቷ ገባች፤ ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላሉ። የኔ እያደር ከበደ።

በሚቀጥለው እሁድ እናቴ ነጭ ለበሰች። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነውን፣ ከዓመት በላይ ያልነካችውን። ሳያት ምን ያለች ተዋናይ ናት አልኩ በሆዴ፤ ለኔ ብላ ይህን ሁሉ ትችላለች! እኔም ከሷ ላለማነስ «አማረብሽ» አልኳት። ረቡዕ ዕለት ከሥራ ስመለስ በሩ ኋላ አዲስ የወንድ ካፖርት ተሰቅሎ አገኘሁ፤ ወፍራም፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ባለ ኮፍያ። «ትከሻው ይበቃዋል ትያለሽ? አሁን ሳይከሳ አይቀርም» አለችኝ። ምግብ ስትሠራ ማንጎራጎር ጀመረች። አንድ ቀን ለብቻዋ ስትስቅ ሰማኋት። ይህን ሁሉ እያየሁ አልገባኝም። የተረዳ ሰው ሁሉ ቁርጡን አውቆ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። ባሕር የወሰደው፣ ማንም አፈር ያላለበሰው ልጅ እናት ሆዷ ውስጥ የሚቀረውን ያን ትንሽ «ምናልባት» ከየት አውቀዋለሁ?

የነገሩኝ እትዬ ናቸው። ሊፍት ውስጥ አገኙኝና በሩ ሲዘጋ ክንዴን ጨበጡኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽን ምን አልሻት? ትናንት እኔ ቤት ላይ ድረስ መጥታ ልጄ ተገኘ ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። ስፖንሰር ላደርገው ነው፣ ፎርም የሚሞላ ሰው ፈልጉልኝ ትላለች። እውነት ነው?»

የማውቀውን ሁሉ፣ ያልኳትንም ሁሉ እዚያው ሊፍት ውስጥ ነገርኳቸው። ሊፍቱ አሥራ አራተኛው ፎቅ ደርሶ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ እንደገና ወደ ታች ወረደ፤ እኛ ግን አልወጣንም።

«እግዚኦ» አሉ እትዬ። «እኛ አንቺን ልናረዳ ስንት ቀን ቀጠሮ ይዘን አፈረስን። ፈተናዋ ይለፍ አልን፣ ፋሲካ ይለፍ አልን፣ ከጉዞዋ ትመለስ አልን። አሁን ደግሞ እሷኑ ልናረዳ ነው?»

«እኔ እነግራታለሁ» አልኳቸው።

«አንቺማ ነገርሻት» አሉኝ። ይገባኛል፤ አልተቀየምኳቸውም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መጡ፤ አምስት ናቸው። እናቴ እንዳትሰማ ከታች በር ሳይደውሉ እንዲገቡ እትዬ ወርደው ከፈቱላቸው። አንደኛው ከሌሊት ሺፍት በቀጥታ ስለመጡ የሚያብረቀርቀውን የሥራ ሰደርያ አላወለቁም። ኮሪደሩ ላይ የጫማቸውን በረዶ ሲያራግፉ ሰማሁ። እኔ ለብሼ ሳሎን ቆሜአለሁ። እናቴ ሲንኳኳ ጋቢዋን ደርባ ከኔ ቀድማ ከፈተች።

ሰዎቹን አየች። ማንም ሐበሻ በዚያ ሰዓት እንደዚያ ያሉ ሰዎችን በሩ ላይ ቢያይ ምን እንደሆነ ያውቃል። እናቴ ግን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በሹክሹክታ፣ «ውይ፣ አልሰማችሁም እንዴ?» አለች። «ቀርቷል እኮ! እሷን ማርዳት ቀርቷል። ልጄ አለ። ራሷ ሄዳ አጣርታ መጣች፤ ጠይቋት እስቲ» ብላ ወደኔ ዞረች።

ጥቁር ለብሼ ነበር።

«ምነው አንቺ?» አለችኝ።

ለመናገር የመጡት አምስቱም መሬት መሬት ያያሉ። ቁም ሣጥኔን ከፍቼ ቦርሳውን አመጣሁና ዚፑን ከፈትኩት። ሹራቡን ስታይ እጇን ዘረጋች፣ ግን አልነካችውም።

«ማን ሰጠሽ?»

«አንቺን በስልክ ያነጋገረችሽ ሴት። ዋሽቼሽ ነው፣ እማዬ። እንዳወቅሁ እንዳታውቂ ብዬ ነው። የምታውቂ መስሎኝ ነው።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። እስከ ዛሬ ከዚያ አስተያየት የከፋ ነገር አልደረሰብኝም። «አንድ ጊዜ እርሜን አውጥቼ ነበር» አለች በዝግታ። «ብቻዬን፣ ሻወር ከፍቼ እያለቀስኩ፣ አንቺ እንዳትሰሚ። ጨርሼ ነበር። አንቺ ነሽ ያስነሣሽልኝ። አንድ ልጅ ስንት ጊዜ ነው የሚሞተው?»

ከዚያ ጮኸች። ያን የመሰለ ጩኸት ያ ሕንፃ ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ጎረቤታችን የሆነች ቬትናማዊት ሴት በሯን ከፍታ ቆማ አየችን፤ ቀትር ላይ አንድ ድስት ሩዝ አምጥታ ደጃፋችን ላይ አስቀምጣ ሄደች። እኔም አለቀስኩ፣ ነገር ግን እንዳሰብኩት ተቃቅፈን አልነበረም። እሷ ሶፋው ላይ፣ እኔ መሬት ላይ ነበርን፤ መሃላችን ሰው ነበረ።

እናቴ እስከ አርባው ድረስ ስለ እሱ አላነሣችብኝም። በሁለተኛው ተዝካር ላይ ትሪውን ይዤ ዞርኩ፤ ያ ሽማግሌ ከእጄ ዳቦ ተቀብለው፣ «ነፍስ ይማር» አሉ። ሙሉውን።

የጸደይ ወራት ሲገባ አንድ እሁድ፣ ቀድሞ እሱ ይደውልበት በነበረው ሰዓት፣ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «መጀመሪያ ያልነገርኩሽ ለፈተናሽ ብዬ ነበር» አለችኝ። «ኋላ ግን ለራሴ ነው። አንቺ ‹ሲመጣ› ስትዪ እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰው እየጠበቀው ነው እላለሁ። ይህ ደስ ይለኝ ነበር። ስለዚህ በአንቺ አልፈርድም።»

ካፖርቱ አሁንም በሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተቆረጠም።

«ያቺን ማርያም» አለች ቆይታ፣ «ፊቷን አየሽው? መልኳ እንዴት ነው?»

አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ቆንጆ ናት፣ አዝና ወደ ታች ታያለች ልላት ስል ያዝኩት። «ፊቷን በደንብ አላየሁም፣ እማዬ» አልኳት። «የቆምኩት እሱ በነበረበት በኩል ነው። ያየሁት ጀርባዋን ነው።»

እናቴ ትንሽ አሰበች።

«እሱም ያየው ይህንኑ ነው» አለች። «እስቲ አምጪው፣ እኔም ልየው።»

ካሜራውን አመጣሁላት።